ሪኮምቢናንት ዲስ3 ምንድን ነው?

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ቤታችሁ ካለ ሪኮምቢናንት ፕሮቲን ፍሪጃችሁ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ይቻላል። ድሮ ኢንሱሊን የሚገኘው ከአሳማና ከከብት ቆሽት ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. የሰው የኢንሱሊን ጂን ኢ. ኮላይ የምትባል ባክቴሪያ ውስጥ ገባ፤ ባክቴሪያዋም የሰውን ፕሮቲን መሥራት ጀመረች። በ1982 አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ ተፈቀደ። ሪኮምቢናንት ማለት ይኸው ነው፦ ጂኑ የአንዱ፣ ፋብሪካው የሌላው።

ዲስ3 ሴላችን ውስጥ አር ኤን ኤ የሚቆርጥ ፕሮቲን ነው፤ ሪኮምቢናንቱም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እሱን ግን ማንም አይወጋውም። ትንሽ ቲዩብ ውስጥ ሆኖ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል፤ የሚያገለግለውም አር ኤን ኤ እንዴት እንደሚስተካከልና እንዴት እንደሚወገድ ለሚያጠኑ ሰዎች ነው።

አር ኤን ኤ ከዲ ኤን ኤ ላይ የሚገለበጥ መልእክት ነው። ተነቦ ሥራው ሲያልቅ መጥፋት አለበት፤ አለዚያ ሴሉ በአሮጌ ትእዛዝ ይጥለቀለቃል። ዲስ3 የአር ኤን ኤውን አንድ ጫፍ ይይዝና እንደ ሹራብ ይተረትረዋል፤ ፊደል በፊደል፣ ከጅራቱ ወደ ራሱ። አንዳንዴ ደግሞ እስከ መጨረሻው አይሄድም። ራይቦዞም (የሴሉ ፕሮቲን መሥሪያ) ውስጥ የሚገቡ አንዳንድ አር ኤን ኤዎች ሲሠሩ ጅራታቸው ይረዝማል፤ ትርፉን መከርከም ያስፈልጋል። ያው ምላጭ ሲያሻው ይከረክማል፣ ሲያሻው ያጠፋል።

ብቻውንም አይሠራም። ዘጠኝ ፕሮቲኖች ተገጣጥመው መሃሉ ክፍት የሆነ በርሜል ይሠራሉ፤ ዲስ3 ከሥር ይቀመጣል። ወፍጮ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ፤ እህሉ ከላይ ይፈስሳል፣ ድንጋዩ ከታች ይፈጫል። የሰው በርሜል ራሱ አንድም ፊደል አይቆርጥም። ሥራው አር ኤን ኤውን እየመራ ወደ ዲስ3 ማድረስ ነው። ይህ ጥምር በ1997 እርሾ ውስጥ ሲገኝ ኤክሶዞም ተባለ። (ፊት ላይ ይቀባል ተብሎ የሚተዋወቀው ኤክሶዞም ሌላ ነገር ነው፤ ከሴል የሚወጣ ደቃቅ ከረጢት። ስማቸው ብቻ ነው የተጋጨው።)

ታዲያ ፕሮቲኑን ከሰው ሴል ማውጣት እያለ ለምን ባክቴሪያ ያስቸግራሉ? ከሰው ሴል የሚገኘው ጥቂት ነው፤ ከዘመዶቹም ጋር ተጣብቆ ነው የሚወጣው። በባክቴሪያ ሲሠራ ግን ፕሮቲኑ ጫፍ ላይ ሂስቲዲን የሚባሉ ስድስት አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ቅንጣቶች) እንዲቀጠሉ ጂኑ ይስተካከላል። ይህ ጭራ ኒኬል ይወዳል። ባክቴሪያዎቹ ተፈርክሰው ጭማቂያቸው ኒኬል ባለበት ቱቦ ሲያልፍ ዲስ3 እዚያው ይቀራል፣ ሌላው አብዛኛው ታጥቦ ይሄዳል። ከዚያ ኢሚዳዞል የሚባል ኬሚካል ያስለቅቀዋል። የ958 አሚኖ አሲድ ፕሮቲን ስለሆነ ጄል ላይ (ሞለኪውሎችን በመጠናቸው የሚለይ ዝልግልግ ነገር ነው) 109 ኪሎዳልተን በሚባል ክብደት አካባቢ አንድ ወፍራም መስመር ሆኖ ይታያል።

ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። «አብዛኛው ታጥቦ ይሄዳል» ብያለሁ፤ ሁሉም አላልኩም። ኢ. ኮላይ የራሷ አር ኤን ኤ ቆራጮች አሏት። አንዷ፣ አር ኤን ኤዝ 2 የምትባለው፣ ጭራሽ የዲስ3 የቅርብ ዘመድ ናት። በዚያ ላይ የእጃችን ቆዳ ራሱ አር ኤን ኤ የሚበላ ኢንዛይም አለበት፤ ለዚህ ነው ጓንት ያላጠለቀ ሰው ወደዚያ ጠረጴዛ የማይጠጋው። እንግዲህ ቲዩቡ ውስጥ አር ኤን ኤው ተበልቶ ቢገኝ በላተኛው ማን ነው? ዲስ3 ወይስ ሾልኮ የገባ ሌባ?

ለእኔ የዚህ ሁሉ ነገር ጉልበት ያለው በመልሱ ላይ ነው። ሌላ ዲስ3 ይሠራሉ፤ የሞተ። 487ኛው ቦታ ላይ ያለው አስፓርቲክ አሲድ ማግኒዥየም ይዞ መቁረጡን የሚያስችል ነው። እሱን አንስተው በአስፓራጂን ይተኩታል። ከ958ቱ አንዷ ተቀየረች፣ መተርተሩ ቆመ። ዲስ3 ግን ሁለተኛ ምላጭም አለው፤ ይሄኛው ጫፍ ሳይፈልግ አር ኤን ኤውን መሃል ለመሃል ይበጥሳል። እሱን ለማደንዘዝ ደግሞ 146ኛው ላይ ያለውን አስፓርቲክ አሲድ እንዲሁ ይለውጣሉ። ሁለቱም የደነዘዙበት መንትያ በዚያው ባክቴሪያ፣ በዚያው ኒኬል፣ በዚያው እጅ ይዘጋጃል። ሌባ ካለ እሱም ጋር ይኖራል።

ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ይፈትኗቸዋል። የሚያበራ ምልክት የታሰረበት አር ኤን ኤ ለሁለቱም ይሰጣል። በዜሮ ደቂቃ፣ በአንድ፣ በአምስት፣ በሠላሳ ጥቂት ጥቂት እየተቀዳ ጄል ላይ ይነዳል። አጭር ቁራጭ ቶሎ ወደ ታች ይወርዳል። በሕያው ዲስ3 በኩል ከላይ ያለው መስመር እየሳሳ ከታች ይጠራቀማል። በሞተው በኩል መስመሩ ከቦታው ንቅንቅ ካላለ በላተኛው ታውቋል። እዚያም ከሳሳ ግን ሙከራው ተበላሽቷል፤ ጠቡ ከጽዳቱ ጋር ነው። እንዲህ ያለ ፕሮቲን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይመስለኛል፦ የሞተው መንትያውስ አለ ወይ?

ጉዳዩ ከላቦራቶሪ ውጭም ይደርሳል። መልቲፕል ማይሎማ በሚባለው የደም ካንሰር ከ10 ታማሚዎች 1 ገደማ የሚሆኑት በካንሰር ሴላቸው ውስጥ የዲስ3 ጂን ተለውጦ ይገኝባቸዋል። ተደጋግመው የሚታዩት ለውጦች ያረፉት በዚያው በሚተረትረው ክፍል ላይ ነው። ተመራማሪዎች እነዚህንም ለውጦች በባክቴሪያ ያሠሯቸውና ጄሉ ላይ ሦስተኛ ረድፍ ይጨምራሉ፤ አንድ ሕያው፣ አንድ ሙት፣ አንድ እንደ ታማሚው። 780ኛው ቦታ ላይ አርጂኒን በላይሲን የተተካበት ዲስ3 ወደ ሙቱ ይጠጋል።