ብሪጅት የሚለው ስም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብሪጅት ከአየርላንድ ጥንታዊ የሴት ስሞች አንዱ ነው። በአገሬው ቋንቋ ብሪድ ይባላል። ስለዚህ ስም ብዙ ይወራል፤ ሁሉም ግን ልክ አይደለም። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።)

«ትርጉሙ የእሳት ቀስት ነው»

ይሄ ከድሮ የመጣ ነው። በ908 የሞተው የካሽል (በደቡብ አየርላንድ ያለ ቦታ) ንጉሥና ጳጳስ ኮርማክ ጻፈው በሚባል የቃላት መፍቻ ውስጥ ስሙ ለሁለት ተከፍሎ «እሳት» እና «ቀስት» ተብሎ ተፈታ። ያምራል፤ ግን የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው። የቋንቋ አጥኚዎች ስሙን የሚያገናኙት «ከፍ ያለ» ከሚል ጥንታዊ የኬልት (የአየርላንድ ቋንቋ የሚመደብበት የቋንቋ ቤተሰብ) ቃል ጋር ነው። ብሪጅት ማለት ከፍ ያለችው፣ የከበረችው ማለት ነው።

«አየርላንዳውያን ከጥንት ጀምሮ ለሴት ልጆቻቸው ያወጡት ነበር»

በአየርላንድ የኪልዴሯ ቅድስት ብሪጅት የኖረችው በ5ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። በአፈ ታሪክ ደግሞ በዚሁ ስም የቅኔ፣ የፈውስና የአንጥረኝነት አምላክ አለች። እንዲህ የተከበረን ስም ደፍሮ ለልጁ የሚያወጣ ብዙም አልነበረም። ይልቅ ወንዶች «ማይል ብሪግተ» ይባሉ ነበር፤ የብሪጅት አገልጋይ ማለት ነው። ልክ እኛ ገብረ ማርያም እንደምንለው። ሴቶች በብዛት ብሪጅት መባል የጀመሩት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው።

«የገረድ ስም ነው»

ይሄኛው ያመኛል። የድንች ሰብል በበሽታ ጠፍቶ በ1845 በአየርላንድ የጀመረው ረሃብ ካለፈ በኋላም የአየርላንድ ልጃገረዶች ብቻቸውን ውቅያኖስ እያቋረጡ አሜሪካ ይገቡ ነበር። ብዙዎቹ የተቀጠሩት በሰው ቤት ነው። አሠሪዎች ስሟ ማን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ የአየርላንድ ሠራተኛን ሁሉ «ብሪጅት» ወይም በቁልምጫው «ቢዲ» ይሉ ጀመር። የጋዜጣ ካርቱኖችም በወጥ ቤቷ ብሪጅት ይሳለቁ ነበር። አንዳንዶቹ ስሙን ትተው ዴሊያ ወይም በርታ ተባሉ። እናቷ «የከበረችው» ብላ ያወጣችላትን ስም አንዲት ልጅ ስታፍርበት አስቡት። ስሙ ምን አጠፋ?

«የስዊድኗ ቢርጊታ ሌላ ስም ናት»

ስሙ አንድ ነው። በ1303 አካባቢ የተወለደችው የስዊድን ቅድስት ቢርጊታ ሌላ ሴት ናት፤ ስሟ ግን ከአየርላንዷ የመጣ ነው።

«ያለፈበት ስም ነው»

ዛሬ ለሕፃናት ብዙም አይወጣም፤ ያ እውነት ነው። ግን በ2023 አየርላንድ የቅድስት ብሪጅትን ቀን ሕዝባዊ በዓል አደረገችው። በአገሪቱ በሴት ስም የተሰየመ የመጀመሪያው ሕዝባዊ በዓል ነው። ጃንዋሪ 31፣ በዋዜማው ማታ፣ ሰዉ እርጥብ ቄጠማ ይዞ ይቀመጣል። እያጠፈ፣ እያዞረ፣ አራት ክንድ ያለው መስቀል ይጎነጉናል። ጫፎቹን አስሮ ከበሩ በላይ ይሰቅለዋል፤ ቅድስቷ ቤቱን ከእሳት እንድትጠብቅለት።