ዲዲዲ ምንድን ነው? የጣሳው ቁጥርና የበላተኛው ቁጥር

ሰሞኑን የስዊድንንና የኖርዌይን የአንቲባዮቲክ አጠቃቀም የሚያወዳድር አንድ ማብራሪያ አነበብኩ። ጸሐፊው በቀን ለ1,000 ሰው 15 ዲዲዲ (DDD፣ defined daily dose፣ የተተመነ የቀን መጠን) ማለት ከሺህ ሰው 15ቱ በየዕለቱ አንቲባዮቲክ ይውጣሉ ማለት ነው ይላል። አይደለም። ይህንኑ ስህተት በስብሰባም በሪፖርትም ስንት ጊዜ እንዳረምኩ ቁጥሩ ጠፍቶኛል፤ ዛሬ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

ዲዲዲ መስፈሪያ ነው። አንድ መድኃኒት ለዋና አገልግሎቱ ለአዋቂ ሰው ሲሰጥ በአማካይ በቀን ይህን ያህል ይሆናል ተብሎ የተተመነ መጠን። የስኳር በሽታ መድኃኒቱ ሜትፎርሚን 2 ግራም፣ ፓራሲታሞል 3 ግራም፣ የሚዋጠው አሞክሳሲሊን 1.5 ግራም። ተመኑን የሚያወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ኦስሎ ላይ የተቋቋመው የዓለም ጤና ድርጅት የትብብር ማዕከል ነው። የሐኪም ትእዛዝ አይደለም፣ የሕክምና መመሪያም አይደለም። እንዲያውም ማንም በሽተኛ የማይወስደው መጠን ሊሆን ይችላል። ኮሌስትሮል የሚቀንሰው የሲምቫስታቲን ተመን ድሮ 15 ሚሊግራም ነበር፤ ኪኒኑ ግን 10፣ 20 ወይም 40 ሆኖ ነው የሚመጣው።

አጥር የሚጋሩ ሁለት ቤቶች አስቡ። ሁለቱም ምስር በጣሳ ይገዛሉ። አንደኛው ቤት በወር 15 ጣሳ ገዛ ቢባል ስንት ሰው እንደበላ ታውቃላችሁ? ሁለት ጎረምሶች ይሁኑ ስድስት ሕፃናት፣ ጣሳው አይናገርም። የተገዛው ሁሉ ይበላ፣ ግማሹ ጓዳ ውስጥ ይንቀዝ፣ ያንንም አይናገርም።

በመድኃኒቱ ልየው። ስዊድን ውስጥ በስትሬፕቶኮከስ ምክንያት ቶንሲሉ ያበጠ አዋቂ ለረጅም ዘመን ይታዘዝለት የነበረው ፔኒሲሊን ቪ 1 ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለ10 ቀን ነው። በጠቅላላው 30 ግራም። የፔኒሲሊን ቪ ተመን 2 ግራም ስለሆነ ሰውዬው 15 ዲዲዲ ሆኖ ይመዘገባል፤ አንድ ሰው፣ 10 ቀን፣ 15 ዲዲዲ። አሁን ደግሞ ወደ አገራችን ጤና ኬላ እንምጣ። የሳንባ ምች የያዘው የ8 ወር ሕፃን በውሃ የሚሟሟ ባለ 250 ሚሊግራም አሞክሳሲሊን ጠዋት አንድ ማታ አንድ ለ5 ቀን ሲሰጠው እናቱ ይዛ የምትሄደው 10 ፍሬ ነው፤ 2.5 ግራም። ይህ 1.67 ዲዲዲ ብቻ ነው። እንግዲህ አንዱ ስዊድናዊ ከዘጠኝ ሕፃናት ጋር እኩል ተሰፈረ ማለት ነው። ሕፃን የሚበዛበት አገር በዲዲዲ ሲለካ ቆጣቢ መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ኢትዮጵያን ከአውሮፓ አገር ጋር አስቀምጦ «እኛ ትንሽ ነው የምንጠቀመው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማስበው ያንን 10 ፍሬ ነው።

የባሰው ስህተት ግን ዓመታትን ሲያወዳድሩ የሚሠራው ነው። ጣሳው ራሱ ይቀየራል! እ.ኤ.አ. በ2019 የሚዋጠው አሞክሳሲሊን ተመን ከ1 ግራም ወደ 1.5 ግራም ከፍ አለ፤ ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር የሚሰጠውም እንዲሁ። ሜሮፔኔም ከ2 ወደ 3 ግራም ሄደ፣ በመርፌ የሚሰጠው አምፒሲሊን ከ2 ወደ 6። አንድ አገር በዓመት 3,000 ኪሎ አሞክሳሲሊን ይጠቀም እንበል። በድሮው ጣሳ 3 ሚሊዮን ዲዲዲ ነው፣ በአዲሱ 2 ሚሊዮን። አንድ ኪኒን ሳይቀነስ ሲሶው ጠፋ። ያ ጸሐፊ የተለያየ ዓመት ሪፖርት እየገለበጠ በአንድ መስመር ከቀጠለው በኋላ ከ2019 ወዲህ የሚታየውን መውረድ «የግንዛቤ ፍሬ» ብሎታል። የፔኒሲሊን ቪ ተመን ደግሞ በዚያ ለውጥ አልተነካም። ስለዚህ አሞክሳሲሊን የሚያበዛው አገር ፔኒሲሊን ቪ ከሚያበዛው ጎረቤቱ በላይ በወረቀት ላይ ይቀንሳል። ይህ የአንቲባዮቲክ ጣጣ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የሲምቫስታቲን ተመን ከ15 ወደ 30 ሚሊግራም፣ የአቶርቫስታቲን ከ10 ወደ 20 ሲያድግ ቁጥሩ በአንድ ጀምበር በግማሽ ወርዷል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ያለፉትን ዓመታት ሁሉ በአዲሱ ተመን እንደገና መስፈር። ለዚህ ግን ግራሙ ወይም የፓኬቱ ብዛት መቀመጥ አለበት፤ ዲዲዲውን ብቻ መዝግቦ ግራሙን የጣለ መሥሪያ ቤት መልሶ መስፈር አይችልም።

በዚሁ በኖርዌይና በስዊድን ላይ አንድ ነገር ሳልጨምር ባልፍ ቅር ይለኛል። ሜቴናሚን የሚባል መድኃኒት አለ፤ አሲዳማ ሽንት ውስጥ ወደ ፎርማልዴሃይድ ተለውጦ ጀርም የሚገድል፣ በተለይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸው አሮጊቶች ለወራት በየቀኑ የሚወስዱት። በዓለም አቀፉ የመድኃኒቶች ምደባ ከአንቲባዮቲኮቹ ጎራ ተመድቧል፤ ባክቴሪያን በማላመድ ረገድ ግን የሌሎቹ ዓይነት ስጋት የለበትም። ኖርዌይ ውስጥ በብዛት ይወሰዳል። ያለ ማጣሪያ ጠቅላላውን ቡድን የደመረ ሰው ኖርዌይን ያለ ጥፋቷ ይወነጅላታል፤ ኖርዌያውያኑ ሪፖርታቸው ላይ ለይተው የሚያሳዩት ለዚህ ነው። ጤፍና ገብስ በአንድ ጣሳ ሰፍሮ «እህል» ብሎ እንደ መጻፍ ነው።

ምንጩም ይለያያል። የኖርዌይ የሐኪም ማዘዣ መዝገብ የጀመረው በጥር 2004፣ የስዊድኑ በሐምሌ 2005 እ.ኤ.አ. ሲሆን ሁለቱም ለእያንዳንዱ ሰው ተለይቶ የተመዘገበ ከፋርማሲ የወጣ መድኃኒት ይዘው ተነሡ እንጂ ሆስፒታል ክፍል ውስጥ የተሰጠውን አልያዙም። የጅምላ ሽያጭ አኃዝ ደግሞ ሆስፒታሉንም ይጨምራል። አንዱን አገር ከመዝገብ፣ ሌላውን ከጅምላ ወስዶ ማወዳደር አንዱን ቤት ከድስቱ፣ ሌላውን ከገበያ ዘንቢሉ መስፈር ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ሲመጣልኝ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። በየትኛው ዓመት ተመን ተሰፈረ? ሜቴናሚን አለበት ወይስ የለበትም? ሆስፒታሉስ ተቆጥሯል? ያ ማብራሪያ ለሦስቱም መልስ አልነበረውም።