ሚኒስትሪ፦ የአንደኛ ደረጃ ፈተናና የውጤቱ ነገር

ሚኒስትሪ በኢትዮጵያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ማብቂያ ላይ የሚሰጥ ፈተና ነው። ስሙ ከትምህርት ሚኒስቴር የመጣ ነው። ዛሬ ፈተናውን የሚያዘጋጁት የክልልና የከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች ናቸው፣ ስሙ ግን አልለቀቀውም። እናት ልጇን «ዘንድሮ ሚኒስትሪ ተፈታኝ ነው» ስትል ሰፈሩ ሁሉ ይገባዋል። በዚያ ዓመት ልጁ ሱቅ አይላክም፣ ቴሌቪዥኑም በጊዜ ይጠፋል።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻና በደርግ ጊዜ አንደኛ ደረጃ የሚባለው እስከ 6ኛ ክፍል ነበር። 7ኛና 8ኛ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባሉ ነበር፣ ከ6ኛም ከ8ኛም ሲታለፍ ሚኒስትሪ ነበረ። ያንን ፈተና በአንድ ጊዜ ያለፉ አባቶች ሰርተፊኬታቸውን እስከ ዛሬ በክብር አስቀምጠዋል።

ነገሩ የተቀየረው በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። አንደኛ ደረጃ 8 ዓመት ሆነ፣ ትምህርቱ ያለ ክፍያ ሆነ፣ ልጆችም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር ጀመሩ። የ6ኛ ክፍሉ ፈተና ቀርቶ ሚኒስትሪ ማለት 8ኛ ክፍል ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣውን የተማሪ ብዛት ሳያዩ ስለ ውጤት ማውራት ፍትሕ አይደለም። ፖሊሲው ሲወጣ በአንደኛ ደረጃ 3 ሚሊዮን ገደማ ተማሪ ነበር። ከ25 ዓመት በኋላ ቁጥሩ 20 ሚሊዮን አካባቢ ደረሰ። ይህን ሁሉ ልጅ የተቀበለው በአብዛኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በፈረቃ እያስተማረ፣ ሦስት ልጅ የሚቀመጥበት ዴስክ ላይ አምስት እያስቀመጠ፣ አንድ መጽሐፍ ለብዙ እያካፈለ ተቀበለ። ማንንም ፈትኖ አልመለሰም።

ታዲያ ልጆቹ ምን ያህል ተማሩ? ለዚህ ጥያቄ ሚኒስትሪ ጥሩ መልስ አይሰጥም። ፈተናው በየክልሉ ይለያያል፣ ጥያቄውም በየዓመቱ ይቀየራል። ስለዚህ የአንዱን ክልል ውጤት ከሌላው፣ ወይም የአምናውን ከዘንድሮው ጋር አነጻጽሮ «ትምህርት ተሻሻለ» ወይም «ወደቀ» ማለት ይከብዳል። የሚሻለው ምንጭ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ልዩነት በናሙና የተደረገው አገር አቀፍ የትምህርት ምዘና ነው። ይህ ምዘና ማንንም አያሳልፍም፣ ማንንም አይጥልም። የ4ኛ ክፍል ልጆች የሚመዘኑት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ንባብ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብና በአካባቢ ሳይንስ ነበር።

በመጀመሪያው ዙር የ4ኛ ክፍል አማካይ ውጤት 47.9 ከመቶ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ 48.5። በሦስተኛው ዙር፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ወደ 40.9 ወረደ። በዚሁ ዙር 8ኛ ክፍል 35.6 ነበር። በፖሊሲው የሚፈለገው ዝቅተኛ ውጤት ደግሞ 50 ነው። አራት ምርጫ ባለው ፈተና ላይ ጥያቄውን ሳያነብ ያጠቆረ ልጅ እንኳ በአማካይ 25 አካባቢ እንደሚያገኝ ካሰብን፣ 35 ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል።

መውረዱ በምን መጣ ለሚለው ብዙ ሰው የተማሪውን ቁጥር መብዛት ያነሳል። እኔም ዋናው እሱ ይመስለኛል። ቀድሞ ትምህርት ቤት ደጃፍ የማይደርሱ የገጠር ልጆች፣ ወላጆቻቸው ፊደል ያልቆጠሩ ልጆች፣ ያኔ ነው መቆጠር የጀመሩት።

የቋንቋው ነገር ግን እስካሁን ያከራክራል። ኦሮሚያና ትግራይ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲያስተምሩ፣ አዲስ አበባ ከ7ኛ ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ትዞራለች። ሚኒስቴሩ ራሱ ያስጠናው ጥናት 8 ዓመት በቋንቋቸው የተማሩት በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ወላጁ ደግሞ እንግሊዝኛው ቶሎ እንዲጀመር ይፈልጋል። ሁለቱም ወገን የየራሱ ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

ከሁሉም በላይ ያስደነገጠው በ2002 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ላይ የተደረገው የንባብ ምዘና ነው። በስምንት ክልሎች፣ በስድስት ቋንቋዎች፣ ከ13 ሺህ በላይ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች ተመዘኑ። እርሳስና የመልስ ወረቀት አልነበረም። ልጁ ከመዛኙ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ፊደላት የተደረደሩበት ገጽ ይሰጠዋል፣ አንድ ደቂቃ ይያዝለታል፣ ያነባል። ቀጥሎ ቃላት፣ ቀጥሎ አጭር ታሪክ፣ መጨረሻ ላይ ስለ ታሪኩ ጥያቄ። ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 ከመቶው ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። 48 ከመቶው ደግሞ አንድም የመረዳት ጥያቄ አልመለሱም። ይህ ሁሉ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። በዚያ ጊዜ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ ልጅ ሳይወድቅ ያልፍ ስለነበር፣ ፊደል ያልለየው ልጅ ከጓደኞቹ ጋር 4ኛ ክፍል ይገባል። እዚያ ሲደርስ ሀሁ የሚያስቆጥረው አስተማሪ የለም፣ ምክንያቱም 4ኛ ክፍል መጽሐፉ ይዞት የሚመጣው ሳይንስና ሒሳብ ነው።

ከዚያ በኋላ በሰባት ቋንቋዎች አዲስ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት ተዘጋጁ፣ መምህራንም በንባብ አሰጣጥ ሠለጠኑ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው የዚያን ሥልጠና ጥቅም ያውቀዋል። ፊደልን በድምፁ ማስተማር ሲጀመር ክፍሉ ራሱ ድምፁ ተለወጠ።

በ2012 የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሌሎቹ ክፍሎች ያለ ፈተና ሲዛወሩ፣ 8ኛና 12ኛ ክፍል ግን ተመልሰው እንዲፈተኑ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ አዲሱ ሥርዓት የቀድሞውን እየተካ መጣና አወቃቀሩ ወደ ድሮው ተመለሰ፦ 6 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 2 ዓመት መካከለኛ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀድሞ ቀርቶ ነበር፣ የ6ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ደግሞ ተመልሶ መጣ።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሞዴል ፈተናው፣ ማጠናከሪያው፣ የቅዳሜው ክፍል ከመጋቢት ጀምሮ ይጧጧፋል። ውጤት በድረ ገጽና በቴሌግራም ቦት ይታያል። ማለፊያው 50 ነው። ቢሮው ያለፉትን በመቶኛ ይናገራል፣ የግል ትምህርት ቤቶችም ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ልጆቻቸውን ፎቶ በባነር ይሰቅላሉ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ባነር የለውም፣ ከማጠናከሪያው በኋላ ግን እስከ 12 ሰዓት ሳይከፈላቸው የሚቆዩ መምህራን አሉት።

የዚህ ሁሉ መዘዝ ጎልቶ የሚታየው ልጆቹ 12ኛ ክፍል ሲደርሱ ነው። ኩረጃን ለመከላከል ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4። አገሩ ሁሉ ደነገጠ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንም ብዙ ተወቀሱ። የ2014ቱ ተፈታኞች በመደበኛው አካሄድ 2ኛ ክፍል የነበሩት በ2004 ነው፣ ያ የንባብ ምዘና ከተደረገ ሁለት ዓመት በኋላ፣ አዲሶቹ የንባብ መጻሕፍት እጃቸው ሳይገቡ።