ምንጭ ማጎልበት ምንድን ነው?

ምንጭ ማጎልበት ማለት ከመሬት በራሱ የሚወጣን ውሃ ገና ዓይኑ ላይ ሳለ፣ ጎርፍና ከብት ሳይነካው ተቀብሎ በቱቦ ማውጣት ነው።

ከደሴው ጦሳ ተራራ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ባህር ዛፍ ያለው ሰው ይዞታው ውስጥ ምንጭ ቢያገኝ አይገርምም። ዝናቡ በተሰነጣጠቀው ጥቁር ድንጋይ ይሰርግና ሸክላ ወይም ድፍን አለት ሲገጥመው ወደ ጎን ሄዶ ይወጣል። ስለዚህ ፍለጋው ከገደል ግርጌና ቁልቁለቱ ከሚለዝብበት ቦታ ይጀመራል። በበጋ ሌላው ሣር ደርቆ ቄጠማ ከለመለመ ውሃው ቅርብ ነው።

ከመቆፈር በፊት መጠኑ ይለካ፤ ያውም በልጉ አልፎ ክረምቱ ሳይገባ፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ። በመስከረም የተለካ ምንጭ ያሳስታል። 20 ሊትር ጀሪካን በ100 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በቀን 17,280 ሊትር ይሰጣል። ዝናብ በዘነበ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚደፈርስ ከሆነ ግን የላይ ውሃ እየገባበት ስለሆነ ግንብ ብቻውን አያጠራውም።

ቁፋሮው ከሚፈስበት ተነስቶ ወደ ሽቅብ ይሄዳል፤ ውሃው ከአለቱ ወይም ከሸክላው ላይ ሲወጣ እስኪታይ ድረስ። ሸክላውን ወደ ታች መብሳት አይገባም፤ ውሃው በዚያው ሰርጎ ይቀራል። ከዓይኑ ፊት ታጥቦ የጸዳ ድንጋይና ጠጠር ይሞላል፣ ከጠጠሩ ፊት ግንብ ይቆማል። ጠጠሩ ከላይ በደንብ በተረገጠ እርጥብ ሸክላ ይሸፈናል፣ በትንሹ 20 ሳንቲ ሜትር። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ለዚህ አይመረጥም።

ብዙ ምንጭ የሚጠፋው ከዚህ በኋላ ነው። ውሃ ለማጠራቀም ሲባል ግንቡ ከፍ ይልና ዓይኑ በውሃ ይዋጣል። ያን ጊዜ ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ውሃው ሌላ ስንጥቅ ፈልጎ ከግንቡ ሥር ወይም ከጎን ይወጣል፣ አንዳንዴም ወደ ቀድሞ ዓይኑ ጨርሶ አይመለስም። ስለዚህ የመውጫውም የትርፍ ውሃውም ቱቦ ከዓይኑ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። የትርፍ ውሃው ቱቦ የክረምቱን ፍሰት በሙሉ የሚያሳልፍ ይሁን፤ አፉ በወንፊት ይሸፈን እንጂ በምንም ምክንያት አይዘጋ። ማጠራቀሚያ ካስፈለገ ወደ ታች ወርዶ ለብቻው ይሠራ። የደሴ ዙሪያ ተዳፋት መንሸራተት ስለሚያጠቃው ትርፉ ውሃ በድንጋይ በተነጠፈ ቦይ ከግንቡ ይራቅ።

ከዓይኑ በላይ ከ8 እስከ 10 ሜትር ርቆ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፣ ዙሪያው ይታጠራል። ሽንት ቤትና በረት ከዓይኑ በላይ አይሠሩ፤ በሌላ አቅጣጫም ቢሆን ከ30 ሜትር አይቅረቡ። በተሰነጣጠቀ አለት ላይ ቆሻሻ ሩቅ ስለሚሄድ ርቀቱ ቢጨመር ይሻላል። ከብቶች ከአጥሩ ውጭ በገንዳ ይጠጡ፤ ረግረጉ ሲቀር አልቅቱም ይቀንሳል።

ባህር ዛፉን በአንድ ጊዜ መመንጠር አይመከርም፤ አፈሩ ተራቁቶ ይታጠባል። ከአጥሩ ውስጥ ያለው ተቆርጦ ጉቶው ባቆጠቆጠ ቁጥር ቡቃያው ይሰበር፣ በቦታውም ሣር ይያዝ፤ ሥር ግንብ ይሰነጥቃል፣ ቱቦ ይደፍናል። ከአጥሩ በላይ ወይራና የሐበሻ ጥድ፣ ወደ ኮምቦልቻ ዝቅ በሚለው ቦታ ደግሞ ሾላና ዶቅማ ቀስ በቀስ ይተኩት።

ደኑ የግል ይዞታ ቢሆንም በአዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት ውሃው የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው፤ ቅድሚያውም ለቤት ውስጥ ፍጆታ ነው። ከታች የሚቀዱ ቤተሰቦች ካሉ ሥራው ሳይጀመር ከእነሱ ጋር መነጋገር፣ ትርፉን ውሃም ወደ ቀድሞ መፍሰሻው መመለስ ያስፈልጋል።