የባሃ ካሊፎርኒያ ጠረፍ፦ ኦይስተርና ትኩስ የባሕር ምግብ

ባሃ ካሊፎርኒያ በሰሜን ምዕራብ ሜክሲኮ የሚገኝ፣ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ባሕረ ገብ መሬት ነው። በምዕራብ ፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በምሥራቅ የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ያዋስኑታል። የሁለቱ ጠረፎች ገበታ አይመሳሰልም። ቀዝቃዛው ፓስፊክ የኦይስተር (ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር ፍጡር)፣ የአባሎኒ (ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ)፣ የሎብስተርና የባሕር ጃርት አገር ነው፤ ሞቃቱ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ በሽሪምፕና አሸዋ ውስጥ በሚኖረው ባለ ሁለት ቅርፊት ክላም ይታወቃል። ከቲኋና ተነስቶ እስከ ካቦ ሳን ሉካስ 1,700 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው ፌዴራል መንገድ ቁጥር 1 ሙሉ በሙሉ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሎስ አንጀለስና ሳን ዲዬጎ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የመንገዱ ሰሜናዊ ክፍል የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ኤንሴናዳ ከድንበሩ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው።

በዚህ ጠረፍ ከባሕር መብላት የቆየ ነገር ነው። በሴድሮስ ደሴት ከዛጎል የተሠሩ፣ ከ11 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የዓሣ መንጠቆዎች ተገኝተዋል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጃፓን ጠላቂዎች ለአባሎኒ መጡ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የማኅበራት ታሪክ ነው። የሜክሲኮ መንግሥት አባሎኒን፣ ሎብስተርን፣ ኦይስተርንና ሽሪምፕን የመሳሰሉ ውድ ዝርያዎች ለዓሣ አጥማጅ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ብቻ ለይቶ ሰጠ፤ ይህ ብቸኛ መብት በሕግ የተነሣው በ1992 ነው። መብቱ ቢነሣም በባሕረ ገብ መሬቱ መካከል በፓስፊክ ዳር ባለው ፑንታ ኤውኼኒያ አካባቢ ያሉት ማኅበራት የየራሳቸውን የባሕር ክልል እንደያዙ ቀጥለዋል፤ ጥበቃውን፣ ቆጠራውንና ቅጣቱን የሚያካሂዱት ራሳቸው ናቸው። ሎብስተር ማጥመጃቸው በ2004 ኤም ኤስ ሲ የተባለውን ዓለም አቀፍ የዓሣ ማጥመድ መዛኝ ድርጅት የዘላቂነት ምስክር ወረቀት አግኝቷል፤ በታዳጊ አገር ላለ አነስተኛ የማኅበረሰብ ማጥመጃ ይህ የመጀመሪያው ነበር። የናቲቪዳድ ደሴት ማኅበር ደግሞ በ2006 ከገዛ ክልሉ ከፊሉን ማንም እንዳያጠምድበት በፈቃዱ ዘጋ። በ2009 እና 2010 የባሕሩ ኦክሲጅን አንሶ አባሎኒ በብዛት ሲሞት በተዘጋው ክልል ያለው የተሻለ ተርፏል። ሳይንቲስቶች ጥናቱን ያሳተሙት በኋላ ነው፤ ክልሉን አስቀድመው የዘጉት ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው።

ኦይስተር ፈልጎ የሚወጣ ሰው መድረሻው ሳን ኪንቲን ነው። ከኤንሴናዳ በስተደቡብ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው ባሕረ ሰላጤ ሁለት ክንዶች አሉት። ምሥራቃዊው ሳን ኪንቲን፣ ምዕራባዊው ባያ ፋልሳ ይባላል፤ ዙሪያውን የጠፉ እሳተ ገሞራ ጉብታዎች ከበውታል። እርባታው ያለው በባያ ፋልሳ ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ነፋሱ የላይኛውን ውሃ ከጠረፍ ሲገፋ ቀዝቃዛና ንጥረ ነገር የበዛበት ጥልቅ ውሃ ይተካዋል፤ ኦይስተሩ የሚመገበው ደቂቅ አልጌም በዚያ ይራባል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ስለማይገባበት ጨውነቱ ከውቅያኖሱ እምብዛም አይርቅም። ክንዱ ለባሕሩ በር ቅርብ፣ ከከተማውና ከቲማቲም እርሻው ደግሞ ራቅ ያለ ነው።

የሚረባው ዝርያ ከጃፓን የመጣው የፓስፊክ ኦይስተር ሲሆን ሙከራው የተጀመረው በ1970ዎቹ ነው። አነስ ያለውና ጠለቅ ያለ ጎድጓዳ ያለው ኩማሞቶ የተባለው ዝርያም በአንዳንድ እርሻዎች አለ። ባህላዊው ዘዴ ይህን ይመስላል፦ በማፈልፈያ ጣቢያ ያደጉ እጮች ታንክ ውስጥ ባዶ የኦይስተር ቅርፊት ላይ እንዲለጠፉ ይደረጋል። ቅርፊቶቹ ተበስተው በገመድ ይሰካሉ፤ እንዳይነካኩም በመካከላቸው ቁራጭ ቱቦ ይገባል። ገመዶቹ ባሕሩ ሲሸሽ ብቅ በሚሉ የእንጨት መደርደሪያዎች ላይ ይንጠለጠላሉ። በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት ከውሃ መውጣታቸው ጥቅም አለው፦ የሚለጠፍባቸው ትላትልና አልጌ ይደርቃል፣ ቅርፊታቸው ይጠነክራል፣ አፋቸውን ገጥመው መቆየትን ይለምዳሉ። ይህን ያልለመደ ኦይስተር መኪና ላይ አፉን ከፍቶ ውሃውን ያፈሳል፤ ገበያ ሳይደርስም ይሞታል። ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ለመድረስ አንድ ዓመት ገደማ ይበቃል።

በገመድ ያደገው ተጣብቆ በዘለላ ስለሚወጣ ተፈልፍሎ ለባሕር ምግብ ኮክቴል (መጠጡ አይደለም) ይውላል። በቅርፊቱ ለሚበላው ግን ነጠላ ግልገሎች በፕላስቲክ መረብ ከረጢት ያድጋሉ። ከረጢቱ በየጊዜው ካልተነቀነቀና ካልተገለበጠ ቅርፊቱ በመረቡ ቀዳዳ ውስጥ ያድጋል፤ ከልክ በላይ ከታጨቀ ደግሞ ረጅምና ቀጭን ሆኖ ሥጋው ያንሳል። እንግዲህ ቅርፊቱ ራሱ ስለ አርቢው ይናገራል፦ ጎድጓዳው ጥልቅ፣ ጠርዙ ጠንካራ፣ መጠኑ ተመሳሳይ ከሆነ በደንብ ተይዞ ያደገ ነው። በሞቃቱ ወቅት ውሃው ሲሞቅ ኦይስተሩ ለመራባት ይዘጋጃል፤ ሥጋው ወተት መስሎ ይለሰልሳል፣ ሞትም ይበዛል። በ1997 ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ባሉት የሶኖራና የሲናሎዋ ግዛቶች ላይ የደረሰው ጅምላ ሞት ብዙ አርቢዎችን ከሥራ አስወጥቷል። ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚወጣው የሳን ኪንቲን ኦይስተር ግን ጠንካራ፣ ጨዋማና በመጨረሻው ላይ ጣፋጭ ነው። በሜክሲኮ የሚተካከለው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሲገዙ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከየት እንደመጣ ነው፤ «ዴ ዶንዴ ኤስ?» ማለት ይበቃል። ፈቃድ ያለው እርሻ ከረጢቱ ላይ የመከር ቦታና ቀን የተጻፈበት መለያ ያስራል። ክልሎቹ ለሰገራ ባክቴሪያና ለአልጌ መርዝ ይመረመራሉ፤ ከከባድ ዝናብ በኋላ ወይም ቀይ ማዕበል (አልጌ በዝቶ ባሕሩን ሲያቀላው) ሲታይ ይዘጋሉ። ስለዚህ ትልቅ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ባሉት ቀናት መለያ የሌለውን አለመንካት ነው። ሕያው ኦይስተር አፉን የገጠመ ወይም ሲነካ የሚገጥም፣ ለመጠኑ የሚከብድ፣ የባሕር ሽታ ብቻ ያለው ነው። ሁለቱን ሲያጋጩ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ውስጡ ደርቋል።

ለመክፈት አጭር፣ ወፍራምና ያልተሳለ ቢላዋ ያስፈልጋል። ጎድጓዳውን ወገን ወደታች አድርጎ በታጠፈ ጨርቅ ይያዛል። የቢላዋው ጫፍ በሹሉ በኩል ባለው መጋጠሚያ ይገባና መጋጠሚያው እስኪላቀቅ ይጠመዘዛል፤ መግፋት ሳይሆን ማዞር ነው፣ እጅ የሚቆረጠው በመግፋት ነው። ከዚያ ቢላዋው ይጠረግና የላይኛውን ክዳን ውስጠኛ ገጽ እየታከከ ጡንቻውን ይቆርጣል፤ በመጨረሻም ከሥር ያለው ይላቀቃል። ውሃው እንዳይፈስ። በቧንቧ ውሃ የሚያጥቡ የጋሪ ሻጮች አሉ፤ አሸዋውን ሲያጥቡ ጣዕሙም አብሮ ይሄዳል።

ይዞ ለመጓዝ ጎድጓዳውን ወደታች ደርድሮ፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ፣ በረዶውን በተለየ ከረጢት ማድረግ ነው። የሚቀልጥ በረዶ ውስጥ የተዘፈቀ ኦይስተር ይሞታል፤ ጨው በሌለው ውሃ አይኖርም። አየር በማይገባበት ላስቲክ የታሰረም እንዲሁ። ሙቀቱ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ከቆየ ለጥቂት ቀናት ይቆያል።

ሎሚና ቃሪያ ጀርም ይገድላል የሚለው ወሬ ከጠረፍ እስከ ጠረፍ ይሰማል፤ ሐሰት ነው። ቪብሪዮ የተባለው ባክቴሪያም ሆነ ኖሮቫይረስ በሎሚ አይሞቱም። የጉበት በሽታ፣ ስኳር ወይም የተዳከመ የበሽታ መከላከያ ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ጥሬውን መተው አለባቸው። ለእነሱ ቅርፊቱ እስኪከፈት መቀቀል፣ ከተከፈተ በኋላም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መጨመር ነው። ያልተከፈተው ይጣላል።

ኤንሴናዳ ላይ የሚገዛበት ቦታ ወደቡ አጠገብ ያለው የዓሣ ገበያ ነው፤ ሕዝቡ መርካዶ ኔግሮ ይለዋል። ጠዋት መድረስ ይሻላል። የዓሣው ዓይን ወጣ ያለና ጥርት ያለ፣ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ መሆን አለበት። የተቆረጠ ፊሌ ብቻ የሚያሳይ ሻጭ ጋ ይህን ሁሉ ማየት አይቻልም። የዓሣ ታኮ እዚህ ተወለደ ይባላል፤ በባሕረ ሰላጤው ዳር ያለችው ሳን ፌሊፔም ይገባኛል ትላለች፣ ማስረጃው ግን ለሁለቱም ቀጭን ነው። ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብቻ ለሚበሉ ተዋሕዶ አማኞችና ለቤተ እስራኤል አንድ ማሳሰቢያ፦ ታኮው ብዙ ጊዜ በትንንሽ ሻርክ ይሠራል፤ «ካሶን» ወይም «አንኼሊቶ» ከተባለ ሻርክ ነው። «ሁሬል»፣ «ኮርቢና» ወይም «ፓርጎ» ከተባለ ቅርፊት አለው። ከ1960 ጀምሮ ያለው የላ ገረሬንሴ ጋሪ በባሕር ጃርት ቶስታዳው (በተጠበሰ የበቆሎ ቂጣ ላይ የሚቀርብ) ይታወቃል። በከተማዋ ፊት ለፊት በመረብ አጥር የሚደልበው ብሉፊን ቱና ግን አብዛኛው ለጃፓን ይላካል።

በባሕረ ሰላጤው በኩል የሎሬቶ ቡናማ ክላም አለ፤ አልሜሃ ቾኮላታ። አበሳሰሉ ልዩ ነው፦ አሸዋና ጠጠር ውስጥ አፋቸው ወደታች፣ መጋጠሚያቸው ወደላይ ሆኖ ተጠጋግተው ይተከላሉ፤ በላያቸው ሮመሪዮ የሚባል ደረቅ ቁጥቋጦ ይነዳል። እሳቱ ፈጥኖ ይወርዳል፣ አመዱ ይጠረጋል፣ ክላሞቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ። አፋቸው ወደላይ ከተተከሉ ሲከፈቱ ውሃው ይፈስና አመድ ይገባል። ቶቶአባ የተባለውን ዓሣ ማጥመድ ከ1975 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ መረቡ በዓለም እጅግ ጥቂት የቀረችውን ቫኪታ የተባለች ትንሽ የዶልፊን ዘመድ ይገድላል። በሕጋዊ እርባታ ያደገ ይሸጣል፤ ሰነድ የሌለው አይገዛም።

በሌሎቹ የሜክሲኮ ጠረፎችም ኦይስተር አለ። ናያሪት ቦካ ዴ ካሚቺን ላይ በተንሳፋፊ ማሳ ይረባል፤ ታባስኮ ላይ በእንጨት ርብራብ ይጨሳል፤ ቬራክሩዝም የራሱ አለው። ውሃው ሞቃት ስለሆነ አብስሎ መብላት ይመረጣል።

የሎብስተር ማጥመጃ ወቅት እንደየቀበሌው ይለያያል፤ በሰሜኑ ክፍል ከመስከረም አጋማሽ ገደማ እስከ የካቲት አጋማሽ ነው። ሽሪምፕ በአብዛኛው ከመጋቢት እስከ መስከረም ይዘጋል። በእነዚህ ወራት «ዛሬ የወጣ» ተብሎ የሚቀርብ የባሕር ሽሪምፕ የቀዘቀዘ ወይም ከእርባታ ኩሬ የመጣ ነው፤ ይህን የሚሸሽግ ሻጭ ስለ ኦይስተሩም አይታመንም።