በረደኝ ወይስ አመመኝ? ብርድ፣ ጉንፋንና ትኩሳት በወሎ

ወሎ ውስጥ ብርዱ እንደ ከፍታው ነው። ላሊበላ አጠገብ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ይደርሳል። ደላንታን በመሰለ ደጋ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ጦሳ ተራራ ሥር ያለችው ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ግን ጃኬቱን ያወልቃል። ለደጋው ብርድ ሰዉ ጋቢ አለው፤ ከበግ ፀጉር የሚሠራ ባናም አለው።

ጉንፋን ሌላ ነገር ነው። «ብርድ መታኝ» ቢባልም የሚያመጡት ቫይረሶች ናቸው፤ ከ200 ይበልጣሉ። ከሰው ወደ ሰው በማስነጠስ፣ በሳልና በእጅ ይተላለፋሉ። ደግሞ ሲበርድ በርና መስኮት ዘግቶ ተጠጋግቶ መቀመጥ አለ። ለቫይረሱ ከዚህ የተሻለ ምን ይምጣለት? ዝንጅብልና ማር ጉሮሮን ያለዝባሉ፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ጉንፋኑ በሳምንት በአሥር ቀን ራሱ ይለቃል። አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ ለጉንፋን ብሎ አሞክሳሲሊን መግዛት ብር መጣል ነው።

እንግሊዝኛ ላይ ተማሪ የሚደናገረው እዚሁ ነው። ለብርዱም ለጉንፋኑም «ኮልድ» ይላሉ። «አይ አም ኮልድ» ያለ በርዶታል፤ «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ» ያለ ጉንፋን ይዞታል። ትኩሳት ሊመጣ ሲል ብርድ ብርድ የሚለው ደግሞ «ቺልስ» ነው።

ይሄ ሦስተኛው፣ ብርድ ብርድ ማለቱ፣ ቀልድ አይደለም። ከ2,000 ሜትር በታች፣ ባቲንና ቃሉን በመሰለ አካባቢ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። የደሴ ሰውም ቆላ ደርሶ ከተመለሰ በኋላ ካንቀጠቀጠው ጋቢ ደርቦ ከመተኛት ደም ቢመረመር ይሻላል።

ደጋው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ቅማል። በብርድ ልብስ ይደረባል፣ ውሃው ስለሚቀዘቅዝ እጥበት ይዘገያል፣ ቅማል ይመቸዋል። ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት በዚሁ ይዛመታሉ። የሚያገረሸው ተንኮለኛ ነው፤ በሽተኛው ዳንኩ ብሎ ከተነሳ ከቀናት በኋላ መልሶ ይጥለዋል። እነዚህ የባክቴሪያ በሽታዎች ስለሆኑ ሐኪም የሚያዘው አንቲባዮቲክ ያድናቸዋል። ልብሱ ካልተቀቀለ ግን ቅማሉ ከቤተሰቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል።