የትምህርት ቤት ሎክዳውን ምንድን ነው?

ሎክዳውን የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን የለመድነው በኮሮና ጊዜ ነው። ከተማ ሲዘጋ፣ ሰው ቤቱ ሲከተት። አሜሪካ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ግን ሌላውንም ትርጉሙን ያውቀዋል። የ6 ዓመት ልጅ ቦርሳውን ወርወር አድርጎ «ዛሬ ሎክዳውን ተለማመድን፣ መብራት ጠፍቶ ጥግ ላይ ዝም ብለን ተቀመጥን» ይላል፤ ከዚያ የሚበላ ነገር ይጠይቃል። እኔም መጀመሪያ የሰማሁት ከልጄ ነው። በደንብ የገባኝ ግን ቆይቶ፣ ራሴ ትምህርት ቤት ውስጥ ረዳት መምህር ሆኜ ስቀጠር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ሰው፣ ብዙ ጊዜም መሣሪያ የያዘ፣ ግቢው ወይም ሕንፃው ውስጥ ሲገባ «ሎክዳውን» ተብሎ በድምፅ ማጉያ ይነገራል። ያኔ ሁሉም ባለበት ክፍል በር ይቆልፋል፣ መብራት ያጠፋል፣ በበሩ መስታወት ወደማይታይበት ጥግ ይሸሻል። ዝም ይላል። በር ቢንኳኳ አይከፍትም፣ የሚያውቀው ሰው ቢሆንም። ሲያበቃ ፖሊስ ወይም የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ከውጭ በቁልፍ ይከፍታል። ይህንን በዓመት ጥቂት ጊዜ መለማመዱ ነው ሎክዳውን ድሪል የሚባለው። ከ10 የአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ9 በላይ የሚሆኑት ያደርጉታል።

ወላጆች ብዙ ጊዜ የምንደናገረው በቃላቱ ነው። በርካታ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙባቸው 5 ትእዛዞች አሉ። እነዚህን ያዘጋጀው ድርጅት የተመሠረተው በ2006 ኮሎራዶ ውስጥ ቤይሊ በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ታጣቂ ትምህርት ቤት ገብቶ ልጃቸውን በገደለባቸው ወላጆች ነው። «ሆልድ» ማለት ኮሪደሩ ነፃ ይሁን፣ ከክፍል አትውጡ ማለት ነው፤ ለምሳሌ አንድ ልጅ ታሞ አምቡላንስ ሲመጣ። «ሰኪዩር» ደግሞ አደጋው ከግቢው ውጭ ነው ማለት ነው፤ ሰፈር ውስጥ ፖሊስ ሰው እያሳደደ ይሆናል፣ የውጭ በሮች ይቆለፋሉ፣ ትምህርቱ ግን ይቀጥላል። «ኢቫኩዌት» ውጡ፣ «ሼልተር» ለአውሎ ነፋስና ለመሳሰለው ተጠለሉ ነው። «ሎክዳውን» ከሁሉም የከበደው ነው። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ «ሰኪዩር» የሚል መልእክት ሲገባ ልባችሁ አይቅለጥ፤ ልጃችሁ ሒሳብ እየተማረ ይሆናል።

ቃላቱ እንዲህ ግልጽ የሆኑት በምክንያት ነው። ድሮ ብዙ ቦታ በ«ሎክዳውን» ፈንታ «ኮድ ሬድ» (ቀይ ኮድ) ምናምን ይባል ነበር። ትናንት የተቀጠረ የወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ለአንድ ቀን የመጣ ተተኪ መምህር ቀለሙን ከየት ያውቀዋል?

ይህ ሁሉ ዝግጅት የተስፋፋው ከኮሎምባይን በኋላ ነው። ሚያዝያ 20 ቀን 1999 (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) ኮሎራዶ ውስጥ ኮሎምባይን በሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች 12 ተማሪዎችንና 1 መምህር ገደሉ። መጀመሪያ የደረሱት ፖሊሶች ሕንፃውን ከብበው ልዩ ኃይሉን ጠበቁ። ከዚያ በኋላ የፖሊስ ሥልጠና ተለወጠ፤ ቀድሞ የደረሰ ወዲያው ይግባ ተባለ። ቢሆንም ፖሊስ እስኪደርስ ደቂቃዎች አሉ። እነዚያ ደቂቃዎች የመምህሩ፣ የጽዳት ሠራተኛዋና የጸሐፊዋ ናቸው። ሠራተኛን ማሠልጠን ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ሥልጠና ሲባል ግን ብዙ ሰው የሚታየው ከታጣቂ ጋር ግብግብ ነው። እኔ እንደገባኝ ትልቁ ነገር በር ነው። አዎ፣ በር። በ2018 ፍሎሪዳ ፓርክላንድ ውስጥ 17 ሰዎች ሲገደሉ ገዳዩ አንድም የመማሪያ ክፍል ውስጥ አልገባም፤ ክፍል ውስጥ የነበሩትን የመታው በበሩ መስታወት በኩል በሚያያቸው ቦታ ስለነበሩ ነው። በሮቹ የሚቆለፉት ከኮሪደሩ በኩል በቁልፍ ብቻ ነበር፣ ማለትም መምህሩ በሩን ለመቆለፍ ተኩስ ወዳለበት መውጣት ነበረበት። በአብዛኞቹ ክፍሎች ከእይታ ውጭ የሆነው ጥግ የቱ እንደሆነ ምልክትም አልተደረገም ነበር። በ2022 ደግሞ ቴክሳስ ዩቫልዴ ውስጥ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ሞቱ። ፖሊስ ከ70 ደቂቃ በላይ ኮሪደር ላይ መቆሙን ሁላችንም ሰምተናል። የግዛቱ ምክር ቤት ያካሄደው ምርመራ ግን ሌላም ነገር አወጣ። ቁልፍ ስለሚያጥር ሠራተኛው በሮችን በድንጋይና በማግኔት ከፍቶ መተው ለምዶ ነበር፤ የአንዱ ክፍል መቆለፊያ ችግር እንዳለበትም ይታወቅ ነበር። በዚያ ላይ ፖሊስ ስደተኛ የጫኑ መኪኖችን ባሳደደ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ስለሚመጣ ሰዉ ማስጠንቀቂያውን ለምዶት ነበር።

ይህን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ ድሪል ትዝ አለኝ። 7 ልጆች ይዤ ትንሽ የንባብ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። «ሎክዳውን» ሲባል በሩን ገፋሁት፣ ተዘጋ፣ አልተቆለፈም። ለካ ቁልፍ የሚሰጠው ለዋና መምህራን ብቻ ነው። ልምምድ መሆኑን እያወቅሁ እንኳ እጄ ተንቀጠቀጠ። በማግስቱ ጠየቅሁ፣ ሳምንት ሳይሞላ ቁልፍ ተሰጠኝ። ድሪል ጥቅሙ ይሄ ነው፤ ጉድለቱን ልምምድ ላይ እያለህ ታገኘዋለህ።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ማን ይናገራል የሚለው ነው። ፓርክላንድ ላይ «ኮድ ሬድ» የተባለው የመጀመሪያው ጥይት ከተተኮሰ ከ3 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። ገዳዩ ሲገባ ያየው ሠራተኛ ነበር፤ ግን አላወጀም። ስለዚህ ጥሩ ሥልጠና ለሁሉም «ካየህ አንተው ተናገር፣ ርእሰ መምህሩን አትጠብቅ» ይላል። በዚህ አገር የትምህርት ቤት ካፌቴሪያ፣ አውቶቡስና ጽዳት ላይ የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። «እኔ ማን ነኝና» የሚለው ይሉኝታችን እዚህ ላይ አይሠራም፤ አፍ ይዞን እንግሊዝኛው ቢሰበርም እንናገር። አሁን በአንዳንድ ቦታ ሠራተኛው አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ባጅ ላይ የአደጋ ቁልፍ አለ። በመስከረም 2024 ጆርጂያ ዊንደር ውስጥ 2 ተማሪዎችና 2 መምህራን በተገደሉበት ትምህርት ቤት ባጁ ከታደለ ገና አንድ ሳምንት ገደማው ነበር፤ መምህራን ተጫኑት፣ ማስጠንቀቂያው ወዲያው ደረሰ።

ሎክዳውን ብቸኛው አማራጭ አይደለም። የፌዴራል መንግሥቱ በ2013 ያወጣው መመሪያ መንገድ ካለ መሸሽ፣ ከሌለ መደበቅ፣ ሌላ ምርጫ ሲጠፋ አዋቂዎች ታጣቂውን መታገል እንደሚችሉ ይናገራል። ደም የሚያቆም ማሰሪያ እንዴት እንደሚታሰርም ይሠለጠናል። ከባድ ደም መፍሰስ በ5 ደቂቃ አካባቢ ሰው ሊገድል ስለሚችል፣ ይህ ትምህርት ለማንም ይጠቅማል።

የማልስማማበት አንድ ነገር አለ፤ የማስፈራራት ልምምድ። በ2019 ኢንዲያና ሞንቲሴሎ ውስጥ አሠልጣኞች መምህራንን ግድግዳ ላይ አንበርክከው በፕላስቲክ ጥይት ጀርባቸው ላይ ተኮሱባቸው፣ «እውነት እንዲመስል» ተብሎ። ሰው ሲደነግጥ አይማርም። እሳት ስንለማመድ ሕንፃውን አናቃጥልም እኮ! ትልልቆቹ የመምህራን ማኅበራትም በ2020 እንዲህ ያለው ልምምድ እንዲቀር ጠይቀዋል። ሕፃናትን ደግሞ ቀድሞ መንገር፣ ለእድሜያቸው በሚሆን ቋንቋ ማስረዳት፣ ልምምድ መሆኑን ደጋግሞ መናገር ይበቃል።

የመጨረሻው ክፍል ልጅን ለወላጅ ማስረከብ ነው፤ የእኛ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። እውነተኛ ሎክዳውን ሲያልቅ ልጆች ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ሌላ ትምህርት ቤት ይወሰዳሉ። ሠራተኞች በር ላይ ቆመው መታወቂያ ያያሉ፣ ስም ከዝርዝር ጋር ያመሳክራሉ፣ ከዚያ ልጁን ይጠራሉ። የእኛ ልጅ የመጨረሻ ስሙ የአባቱ ወይም የአያቱ ነው፤ የእናቱ መታወቂያ ላይ ያለው ደግሞ የራሷ አባት ስም ነው። አይገጥምም። አባት ሥራ ላይ ሆኖ አክስት ብትመጣማ ጭራሽ! ፎርሙን የሚያመሳክረው ሠራተኛ ልጅ እንዳይጠፋ ተጠንቀቅ ተብሎ ነው የሠለጠነው፣ ዝም ብሎ አይሰጥም፣ ልክም ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ የትምህርት ቤቱን የአደጋ ጊዜ ካርድ አውጡና እዩት። የእናትም፣ የአባትም፣ ልጁን ሊወስድ የሚችል የሌላ ሰውም ስም መታወቂያው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍበት፤ ስልክ ቁጥሩም አሁን የሚሠራው ይሁን።